ባዶ እጅ ትጥቅ ነው ወይ?

ኬብሮን ናሆም በቀጠሮዋ ቀን ማለዳ የአንዲት ሙሽራ ጸጉር ሠርታ ጨረሰች፤ እጇን ታጠበች፤ ትንሿን የቆርቆሮ ትግለኛ ምስሏን በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ጠረጴዛ ችሎት የሚሄደውን አውቶቡስ ተሳፈረች። አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ወንበር ተጣልተው ነበር። ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮ ዳይስ አውጥታ ሰጠቻቸው። ጣሉ። የተሸነፈው "እሺ" ብሎ ብረቱን ይዞ ቆመ፤ ያሸነፈው ተቀመጠ። ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም።

አዳማ ውስጥ መደበኛው ፍርድ ቤት የቤተሰብና የጎረቤት ጉዳይ ማየት ከተወ አንድ ትውልድ አልፏል። አጥር ተገፋብኝ የሚል፣ የጎረቤት ውሻ እንቅልፍ የነሳው፣ ትዳሩን የሚያፈርስ፣ ሁሉም ጠረጴዛ ይቀርባል። እዚያ ለእያንዳንዱ ተከራካሪ አንድ ገጸ ባሕርይ ከነቆርቆሮ ምስሉ በዕጣ ይደርሰዋል። ዳኛው ታሪኩን ይተርካል፤ ተከራካሪዎቹ በየተራ "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ፤ ዳይስ ይጣላል፤ ግቡ የተሳካለት ይረታል። ሰው ሲከራከር ይዋሻል፣ ሲጫወት ግን አይዋሽም የሚል ጥናት አለ ይባላል። ጥናቱን አየሁ የሚል ሰው እስካሁን አልተገኘም። ጠበቆች መጀመሪያ ላይ በጣም ተቃውመው ነበር፤ በኋላ የጨዋታ ደንብ አስጠኚ ሆኑ።

ኬብሮን የምትከራከረው ከታላቅ ወንድሟ ከያፌት ጋር ነበር። ጉዳዩ አባታቸው ናቸው።

አቶ ናሆም በወጣትነታቸው ባጃጅ ነድተዋል፤ በአዳማ መንገድ ላይ ባጃጅ ከነዱት የመጨረሻዎቹ ሰዎች አንዱ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ወር ሴት ልጃቸው ጋ፣ አንድ ወር ወንድ ልጃቸው ጋ እየተመላለሱ ይኖራሉ። ልጆቹ ግን አይገናኙም። በእናታቸው አርባ ዕለት፣ ድንኳኑ ገና ሳይፈርስ፣ "ቀደም ብለህ ሐኪም ቤት ብትወስዳት ኖሮ"፣ "አንቺስ የት ነበርሽ" ተባባሉ፤ በዚያው ተለያዩ። ስድስት ዓመት ሆናቸው። ወሩ ሲያልቅ አቶ ናሆም ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፤ ሰው የማይነዳት መኪና መጥታ ወደ ሌላኛው ልጅ በር ታደርሳቸዋለች። በሁለቱም ልጆች ስልክ ላይ የሚገባው መልእክት አንድ ዓይነት ነው፦ "አባት ደርሰዋል።"

ዘንድሮ አዲስ መመሪያ ወጣ። ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ከአንድ በላይ አድራሻ ሊኖረው አይችልም ተባለ። ሁለቱም ልጆች "እኔ ጋ" አሉ። አንዳቸው ካልረታ ወይም ካልተስማሙ አባት የከተማው አረጋውያን ማዕከል ይገባሉ። ማዕከሉ ንጹሕ ነው፤ ምግቡም ደኅና ነው ይላሉ። ይሁንና ልጅ እያላቸው ማዕከል የገቡ አባት ሲነሡ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ኬብሮን ይህን በገዛ ጸጉር ቤቷ ሰምታዋለች። "እሷ እኮ አባቷን የጣለችው ናት" ብለው የተንሾካሾኩባት ደንበኛ ጸጉሯ ሳይደርቅ ተነሥታ ስትወጣ አይታለች።

ችሎቱ የሚቀመጥበት ክፍል አንድ ክብ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበሮችና አንድ መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ኬብሮን ስትገባ ያፌት ቀድሞ ደርሷል። ከስቷል። አየችውና ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው መለሰች። አባታቸው ግድግዳውን ተደግፎ በተቀመጠ አራተኛ ወንበር ላይ ነበሩ። ደረታቸው ላይ "ጉዳይ" የሚል ካርድ ተለጥፎባቸዋል። ጉዳይ አይናገርም፤ ደንብ ነው። አቶ ናሆም ለልጃቸው በቅንድባቸው ሰላምታ ሰጧት።

ዳኛዋ ወይዘሮ ኤልዳና ወጣት ናቸው፤ በዚያ ቀን ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከቆርቆሮ የተሠራ ድልድይ አስቀመጡ። ያፌት የራሱን የቆርቆሮ ዘበኛ በአንደኛው ጫፍ አቆመ። ኬብሮን ትግለኛዋን ከመሐረቡ ፈትታ ፊት ለፊቱ አቆመች።

"ያቆምንበትን ላስታውሳችሁ" አሉ ዳኛዋ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። "አቶ ያፌት፣ እርስዎ የድልድዩ ዘበኛ ነዎት። ትእዛዝዎ የታጠቀ ሰው እንዳያልፍ ነው። ወይዘሮ ኬብሮን፣ እርስዎ መሣሪያ የሌላት ትግለኛ ነዎት። ግብዎ ፀሐይ ሳትጠልቅ መሻገር ነው። ባለፈው ትግለኛዋ ዘበኛውን በቡጢ መታችው። ዳይሱ ላይ ትልቅ ቁጥር ወጣ። የዘበኛው ጦር ወንዝ ገባ።"

"ገባ" አለች ኬብሮን።

"ገባ" አለ ያፌት። "መግባቱን አልካድኩም።"

"እንግዲህ እሻገራለሁ።"

"አትሻገሪም። ታጥቀሻል።"

ኬብሮን ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። "በምን?"

"በእሱ ነዋ" አለ ያፌት በአገጩ እጆቿን እያመለከተ። የደንቡን መጽሐፍ ምልክት ካደረገበት ቦታ ገለጠ። "ደንብ አርባ አንድ። 'በባዶ እጅ የተሰነዘረ ምት እንደ መሣሪያ ምት ይቆጠራል።' ጦሬ የወደቀው በዚህ ደንብ ነው። እጅሽ መሣሪያ ባይሆን ኖሮ ጦሬ እጄ ላይ ነበር። መሣሪያ ከሆነ ደግሞ የታጠቅሽ ነሽ።"

"ደንብ አሥራ ሁለት" አለች ኬብሮን፤ እሷ በቃሏ ነበር የያዘችው። "'ባዶ እጁን ያለ ሰው ታጠቀ አይባልም።' እጄ ሲመታ መሣሪያ ነው፤ ሲወርድ እጅ ነው።"

"ጎራዴ ሰገባው ውስጥ ሲገባ ማንኪያ ይሆናል?"

"የታጠቀ ሰው ትጥቁን ፈትቶ መሻገር ይችላል። እኔ እጄን የት ፈትቼ ላስቀምጠው?"

"እሱን አላውቅም። ደንቡን እኔ አልጻፍኩትም።"

"እግሬስ?"

ያፌት ገጹን ገለበጠ። "ካልቾ አርባ አንድ ሥር ነው።"

"ጭንቅላቴስ?"

"ቴስታም።"

"ስለዚህ ያንተን ድልድይ የሚሻገር ሰው እጅም፣ እግርም፣ ጭንቅላትም ሊኖረው አይገባም።"

"የታጠቀ ሰው አያልፍም ነው የተባልኩት" አለ ያፌት። "ዘበኛ ነኝ።"

ዳኛዋ ሁለቱንም በትዕግሥት ሰሙ። ኩርኩምን በሚመለከት ባለፈው ዓመት የወጣ ትርጓሜ እንዳለ፣ እሱ ግን ለልጆች ብቻ እንደሚሠራ ተናገሩ። ከዚያ ጥያቄውን ለማኅደሩ አቀረቡ። ማኅደሩ ጣሪያው ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ በሴት ድምፅ የሚናገር፣ በአገሪቱ ሁሉ የተሰጡ ትርጓሜዎችን የሚያውቅ ነገር ነው።

"ባዶ እጅ ትጥቅ ነው" አለ ማኅደሩ። ትንሽ ቆይቶ በዚያው ድምፅ፣ "ባዶ እጅ ትጥቅ አይደለም" አለ። ዳኛዋ የትኛው ይጸናል ብለው ጠየቁ። "ሁለቱም ጸንተዋል። ተከራካሪዎች ይስማሙ።"

"እንግዲህ ሰማችሁ" አሉ ዳኛዋ። "ደንብ ሁለት ትርጉም ካለው የሚጸናው ተከራካሪዎች የተስማሙበት ነው። ዛሬ የመጨረሻው ቀጠሮ ነው። ችሎቱ እስኪነሣ ድረስ ካልተስማማችሁ 'አልተስማሙም' ብዬ እዘጋለሁ። ከግቢው ሳትወጡ የማዕከሉ መኪና ይመጣል።"

ኬብሮን ነገሩ ወዲያው ገባት። እጅ ትጥቅ ነው ብላ ከተስማማች ትሸነፋለች። ትጥቅ አይደለም ብሎ ከተስማማ እሱ ይሸነፋል። ከሁለቱ አንዱ በገዛ አፉ አባቱን ለሌላው ካልሰጠ አባት የማንም አይሆኑም።

ለምሳ ተነሡ። ኮሪደሩ ላይ ተከራካሪዎች እርስ በርስ መነጋገር አይፈቀድላቸውም፤ ምሳ ለጉዳዩ ማቅረብ ግን ይፈቀዳል። ኬብሮን ለአባቷ በሳህን የቋጠረችውን ሽሮ አቀረበች። ያፌትም የሠራውን ምስር አቀረበ። አቶ ናሆም ሁለቱን ሳህኖች ጭናቸው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡና ከዚህ አንድ ጉርሻ፣ ከዚያ አንድ ጉርሻ እያሉ፣ ማንንም ሳያስቀድሙ ማንንም ሳያስቀሩ፣ በጥንቃቄ በሉ። ሁለቱም ሳህን ላይ እኩል አስተርፈው ከደኑት። ኬብሮን አባቷ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲበሉ እንደኖሩ ታወቃት። የራሷን ምሳ መብላት አቆመች።

ከምሳ ሲመለሱ ዳኛዋ ዘዴ ይዘው ጠበቁ።

"የተግባር ማሳያ ልፈቅድላችሁ እችላለሁ" አሉ። "ወይዘሮ ኬብሮን የትግለኛዋን ምት በራሳቸው እጅ፣ በቀስታ፣ አቶ ያፌት ላይ ያሳያሉ። ሳይነካ ይቆማል ወይም ገና እንደነካ ይቆማል። ምናልባት ስታዩት ትስማሙ ይሆናል። መነካት ይፈቅዳሉ?"

ያፌት ትንሽ አመነታ። ሰው መንካት ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ ቆይቷል፤ ፈቃድ የሚጠይቅም ብዙ ሰው የለም።

"እፈቅዳለሁ" አለ።

ተነሥተው ፊት ለፊት ቆሙ። ኬብሮን ቡጢዋን ጨበጠች። በሕይወቷ ሰው መትታ አታውቅም፤ አውራ ጣቷን ከውስጥ ታድርገው ከውጭ ግራ ገብቷት አንዴ ፈትታ እንደገና ጨበጠችው። ከዚያ ክንዷን ወደ ወንድሟ ትከሻ በቀስታ ሰደደች። ዳኛዋ እርሳሳቸውን አንሥተው ይጠብቃሉ። አቶ ናሆም ከወንበራቸው ትንሽ ቀና አሉ።

ቡጢው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ያፌት እጁን አነሣና አንጓዋን ያዘ። አስቦ ያደረገው አይመስልም። ያዘና ቆመ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ሁለቱም አላወቁም።

"መያዝ" አሉ ዳኛዋ፤ መጽሐፉን ቶሎ ቶሎ ገለጡ። "ደንብ አርባ አራት። 'የተያዘ እጅ እስኪለቀቅ ድረስ የያዘው ሰው እጅ ነው።'" አንብበው ሲጨርሱ መልሰው ለራሳቸው አነበቡት። "ይህ ደንብ በአንድ መንገድ ብቻ ነው የሚተረጎመው። አቶ ያፌት እስከያዟት ድረስ እጇ የዘበኛው እጅ ነው። ዘበኛው ደግሞ በገዛ ድልድዩ ላይ ታጥቆ መሄድ ይችላል። ስለዚህ ከያዟት አብራችሁ ትሻገራላችሁ። ከለቀቋት ወደ አርባ አንድ እንመለሳለን።"

ያፌት አልለቀቀም።

"እስከ መቼ ነው የምይዛት?" ብሎ ጠየቀ።

"ድልድዩ እስኪያልቅ።"

ዳኛዋ ሁለቱን ቆርቆሮዎች አጠጋግተው በድልድዩ ላይ ይገፏቸው ጀመር። ሥርዓቱ ዝግ ያለ ነው፤ በየእርምጃው ዳይስ ይጣላል። ነፋስ መጣ፤ ዳይስ ተጣለ፤ አለፉ። ሳንቃ ተሰበረ፤ ዳይስ ተጣለ፤ አለፉ። እህትና ወንድም እንደቆሙ ነበሩ። የያፌት መዳፍ ሞቅ ያለ ነበር። የኬብሮን ክንድ ሲደክም ያፌት አየና ከታች ደገፍ አደረገላት። ጣቶቿን አየ።

"እጅሽ ምን ሆኖ ነው?" አለ።

ጥያቄው ከጨዋታው ውጭ ነበር። ዳኛዋ አላቋረጡትም።

"የጸጉር ቀለም ነው" አለች ኬብሮን። "ይሰነጥቀዋል።"

"ቅባት የለም?"

"አለ። ሥራ ላይ ግን አይመችም፤ ያንሸራትታል።"

"ማታ ማታ ማድረግ ነዋ።"

"አንተ ለምን ከሳህ?"

ያፌት ሊመልስ ሲል ዳኛዋ "ተሻገራችሁ" አሉ።

ያፌት እጇን ለቀቀ። ተቀመጡ። ዳኛዋ መጽሐፉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ካገላበጡ በኋላ ውሳኔውን ተናገሩ፤ ትግለኛዋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሻግራለች፤ ዘበኛውም የታጠቀ ሰው አላሳለፈም፤ ስለዚህ ሁለቱም ረትተዋል። ሁለት ረቺ ያለበት ጉዳይ ሲገጥማቸው የመጀመሪያቸው ነው። መመሪያው አንድ አድራሻ ይላል፤ አንድ ተጠሪ ግን አይልም። "እንግዲህ ሁለታችሁም ከአባታችሁ ጋር በአንድ ቤት ትኖራላችሁ ማለት ነው" አሉ። "ጣታችሁን እዚህ ሰሌዳ ላይ ስታሳርፉ ይጸናል። ከዚያ በፊት የጉዳዩን ማንነት ላረጋግጥ።"

ወደ ግድግዳው ዞሩ። "ስምዎን ይንገሩኝ፣ አባት።"

"ናሆም ተካልኝ" አሉ። ብዙ ሰዓት ዝም ብለው ስለቆዩ ድምፃቸው ሻከረ። "አንድ ነገር ልናገር?"

ዳኛዋ መጽሐፉን አዩ። "የምጠይቀው ስም ብቻ ነው" አሉ። ትንሽ አሰቡ። "ሌላ እንዳይናገሩ ግን አይከለክልም።"

"እኔ ማዕከሉ ይሻለኛል።"

ኬብሮን ጆሮዋን ያመነች አትመስልም ነበር። "አባዬ፣ ምን አጎደልንብህ?"

"ምንም አላጎደላችሁብኝም። ሮቤል እዚያ ነው፤ ባጃጅ አብረን የነዳነው። ይኼ አንድ ነው።" አቶ ናሆም ካርዱን ከደረታቸው ላይ በቀስታ ላጡትና በእጃቸው ያዙት። "ሌላው ደግሞ፣ አንቺ ጋ ስሆን እሱን አላየውም። እሱ ጋ ስሆን አንቺን አላይሽም። ሁለት ልጅ ወልጄ ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ያለኝ አንድ ልጅ ነው። እዚያ ብሆን ሁለታችሁም ትመጣላችሁ። መጣላት ካለባችሁም እፊቴ ትጣላላችሁ።"

"አሁን እኮ አንድ ቤት ልንኖር ነው" አለ ያፌት።

"ዛሬ ዳኛ አያይዟችሁ ነው፣ ልጄ። ወጥ ቤት ውስጥ ዳኛ የለም።"

ያፌት አንገቱን ደፋ። "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከንም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ አቶ ናሆም። ቀጥለው ትንሽ አፈሩ። "ደግሞስ ሁለታችሁም እኔ ጋ እኔ ጋ ስትሉ ደስ ይለኝ ነበር። ዋሽቼ ምን ይሠራልኛል።"

ኬብሮን ወደ ዳኛዋ ዞረች። አባቷ በፈቃዳቸው ማዕከል መግባት ይችሉ እንደሆነ ጠየቀች። አይችሉም ተባለች። ማዕከሉ የሚቀበለው ወይ ልጅ የሌለውን፣ ወይ ልጆቹ ያልተስማሙበትን ሰው ብቻ ነው። ፈቃድ የሚባል ነገር በመመሪያው ውስጥ የለም። ልጆቹ ጣታቸውን ካሳረፉ አባት አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ካልተስማሙ ማዕከል ይገባሉ፤ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ገብቶ "አልተስማሙም" የሚለውን ያነባል።

ኬብሮን ጸጉር ቤቷን አሰበች። ነገ ጠዋት የሚቀመጡትን ደንበኞች፣ በመስተዋቱ ውስጥ የሚለዋወጡትን ዓይን አሰበች። ምናልባት አንዳንዶቹ አይመለሱም። ከዚያ የአባቷን ሁለት ሳህኖች አሰበች። ወንድሟን አየችው። ያፌት እያያት ነበር። ብዙ ነገር ሊል የፈለገ ሰው ፊት ነበረው፤ ግን መጽሐፉን ዘጋውና አንድ ነገር ብቻ አለ።

"እጅሽ ትጥቅ ነው።"

ኬብሮን ምን እያደረገ እንደሆነ ለመረዳት አፍታ ወሰደባት። "አይደለም" አለች።

"ነው።"

"አይደለም።"

"መያዙስ?" አሉ ዳኛዋ።

"አልያዝኳትም" አለ ያፌት። "ማሳያ ነበር። ጨዋታ ውስጥ አይቆጠርም።"

"አይቆጠርም" አለች ኬብሮን።

"እንግዲህ አልተስማማችሁም።"

"አልተስማማንም" አሉ ሁለቱም፣ አንድ ላይ።

ዳኛዋ ወደ አንዷ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ተመለከቱ። ደንቡ ሦስት ጊዜ እንዲጠይቁ ያዛል፤ ጠየቁ። "በሙሉ ልባችሁ ነው የማትስማሙት?"

"በሙሉ ልባችን።"

ዳኛዋ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ከጉንፋኑ ይሁን ከሌላ አልታወቀም። መዝገቡን ዘጉ።

የማዕከሉ መኪና ብዙም ሳይቆይ ግቢው ውስጥ ገባ። ያፌት የአባቱን ሻንጣ አስገባ። ኬብሮን የአባቷን ኮት ቆለፈችላቸው። አቶ ናሆም ሁለቱንም በየተራ ጉንጫቸውን ሳሙና ከፊተኛው ወንበር ላይ ወጥተው ተቀመጡ። መኪናው ሲርቅ እህትና ወንድም ጎን ለጎን ቆመው አዩት። ነፋሱ አቧራ አነሣ።

"እሁድ ነው መጠየቂያው?" አለች ኬብሮን።

"እሁድና ሐሙስ።"

"ሐሙስ ሥራ ይበዛብኛል።"

"እሁድ ይሁን።"

በዚያ ሳምንት ጸጉር ቤቱ ቀዘቀዘ። ሦስት የቆዩ ደንበኞች ቀሩ። አንዲቱ ባለቤቷን ልካ የረሳችውን ማበጠሪያ አስወሰደች። ኬብሮን አላስረዳችም፤ ምን ብላ እንደምታስረዳም አታውቅም ነበር። ማታ ማታ እጇን ቅባት ቀባች።

እሁድ ዕለት ያፌት ከማዕከሉ በር ላይ ሙዝ ይዞ ጠበቃት። እሷ ብርቱካን ይዛለች። አብረው ገቡ። አባታቸው ክፍላቸው ውስጥ አልነበሩም። ጓሮ ባለው ዛፍ ሥር ከአንድ መላጣ ሽማግሌ ጋር ተቀምጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይከራከራሉ፤ ከስልሳ ዓመት በፊት በአንድ አደባባይ ላይ ሁለት ባጃጆች ሲጋጩ ቅድሚያ የማን ነበር ነው ነገሩ። ሮቤል "የኔ ነበር" ይላሉ። አቶ ናሆም መሬቱ ላይ በከዘራቸው አደባባዩን ሥለው "እዚህ ጋ ስትገባ እኔ አልነበርኩም?" ይላሉ።

ልጆቻቸውን አዩ። ደስ አላቸው፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ግን ክርክሩን ማቋረጥ አልፈለጉም። በእጃቸው "ቆዩ፣ ቆዩ" አሏቸውና ወደ ሥዕሉ ተመለሱ።

አጠገቡ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። ኬብሮንና ያፌት እዚያ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ያፌት ብርቱካን ላጠና ግማሹን ሰጣት።